ሞተር ስለሚተነፍስበት ኮፈን፤ ለአባቶች፥ ለእናቶችና ለልጆች

ሰው እህል ሳይቀምስ ብዙ ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ሳይተነፍስ ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይቈይም። የአውቶሞቢልም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የሞተር ምግብ ቤንዚን ብቻ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ ካልነደደም ኃይል አይሰጥም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሞተር ዋናው ቀለቡ አየር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

መጠኑን ለማስረዳት ያህል፥ 5.7 ሊትር የሚይዝ ሞተር በደቂቃ 5 ሺህ ጊዜ ሲዞር ሲሊንደሮቹ በሙሉ ቢሞሉለት፥ በዚያች አንዲት ደቂቃ ውስጥ 14 ሺህ 250 ሊትር አየር ይስባል። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ6 እስከ 8 ሊትር ስለ ሆነ፥ ይህ አንድ ሞተር ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች የሚተነፍሱትን አየር ብቻውን ይተነፍሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል አየር በየት በኩል ይግባለት? የሚገባውስ ቀዝቃዛ ነው ወይስ የጋለ? ዛሬ የምንናገርለት «ራም ኤር» የተባለው ኮፈን የተፈጠረው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛ ሲሆን ትርጓሜው በግፊት የሚገባ አየር ማለት ነው። ኮፈኑ በላዩ ወይም በፊቱ አፍ አለው፤ አውቶሞቢሉ ሲሮጥ የውጭውን ነፋስ በዚህ አፍ ተቀብሎ ወደ ሞተሩ የአየር ማጣሪያ ያደርሳል። በአሜሪካ አገር ብርቱ ሞተር ያለው አውቶሞቢል የሚወዱ ሰዎች፥ ይልቁንም ወጣቶች፥ ይህን ኮፈን ከልዩ ልዩ ሠሪዎች ገዝተው ፋብሪካው በሰጣቸው ኮፈን ፈንታ ያስገጥማሉ። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ባልጻፍነው ነበር። ነገር ግን የቤትን ገንዘብ ያስወጣል፤ አባትንና ልጅን ያከራክራል፤ ያለ ጥንቃቄ ከተገጠመም ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለ ሆነም፥ ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፥ ከመነሻው ጀምረን እንመለከተዋለን።

ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1964 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የፎርድ ኩባንያ በቀጥታ መንገድ ላይ ለሚደረገው የሩብ ማይል፥ ማለት የ402 ሜትር እሽቅድምድም፥ «ተንደርቦልት» የተባለውን አውቶሞቢል በሠራ ጊዜ፥ ከአራቱ የፊት መብራቶች የውስጠኞቹን ሁለቱን አስወግዶ በቦታቸው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስዱ ወፍራም ቱቦዎችን አገባ። ብርሃን ተሰጥቶ አየር ተገዛ ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1965 ደግሞ የፖንቲያክ ፋብሪካ፥ በጂ.ቲ.ኦ. አውቶሞቢሉ ኮፈን ላይ ለጌጥ ብቻ ተደፍኖ ይኖር የነበረውን አፍ የሚያስከፍትና ከካርቡራተሮቹ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ አዘጋጅቶ በሻጮቹ መደብር በኩል ለፈለገ ሁሉ አቀረበ። «ራም ኤር» የሚለውም ስም ከዚያ ወዲህ ከዚህ ፋብሪካ ስም ጋር ተሳስሮ ቀረ።

ሌሎቹም ፋብሪካዎች ዝም ብለው አልተመለከቱም። በ1966 ኦልድስሞቢል ከፊት ፓራውልቱ በኩል በቱቦ አየር የሚስብ አውቶሞቢል አወጣ። በ1969 ፎርድ ለ«ሙስታንግ» አውቶሞቢሉ ከሞተሩ ጋር የታሰረና ኮፈኑን በስቶ ወደ ላይ የወጣ አፍ ሠራለት፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቍጥር እርሱም አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ «ሼከር»፥ ማለት ተንቀጥቃጩ ብለው ጠሩት። በ1970 የወጣው የፕሊመዝ «ሮድ ራነር» ደግሞ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ማዘዣውን ሲነካ ከኮፈኑ ላይ ብድግ የሚል አፍ ነበረው፤ በጐንና በጐኑም የሻርክ ጥርስ ተሥሎበት ነበር። በዚሁ ዓመት የሸቭሮሌት «ሸቬል» አፉን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ፥ ወደ ሾፌሩ መስተዋት አዞረ። ይህ ለሚያየው ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ምክንያቱን ግን ወደ ታች እንገልጻለን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ፥ የኢንሹራንስ ዋጋ መወደድና የ1973 የነዳጅ ችግር ተደራርበው የእነዚህን ብርቱ አውቶሞቢሎች ዘመን አሳጠሩት። ሆኖም ሐሳቡ ጨርሶ አልሞተም። በ1996 ፖንቲያክ «ፋየርበርድ» በተባለው አውቶሞቢሉ ላይ ሁለት አፍንጫ የሚመስል አፍ ያለው ኮፈን ገጥሞ እንደ ገና አወጣው። ያለዚህ ኮፈን የሚሸጠው 285 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፥ ይህኛው 305 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ፋብሪካው አስታወቀ። ፋየርበርድ በ2002 መሠራቱ ቀረ፤ የፖንቲያክም ስም በ2010 ከገበያ ወጣ። አውቶሞቢሎቹ ግን በብዙ ሰው እጅ ስላሉና የድሮውን መልክ የሚወድም ስላልጠፋ፥ ዛሬ ኮፈኑን የሚያቀርቡለት ከፋብሪካው ውጭ ያሉ ዕቃ ሠሪዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ ይህ ኮፈን በእውነት ኃይል ይጨምራልን? መልሱ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የቅዝቃዜ ጥቅም ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ሲግል ይሳሳል። በሞተሩ አካባቢ ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው በሚወጣው ትኵሳት አየሩ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የውጭው አየር 20 ዲግሪ ቢሆን፥ ይህ ቀዝቃዛ አየር ከዚያ ከጋለው ይልቅ በመጠኑ 13 በመቶ ያህል ይከብዳል። የከበደ አየር ብዙ ቤንዚን ያነዳል፤ ብዙ የነደደ ቤንዚንም ብዙ ኃይል ይሰጣል። ኃይሉ በዚሁ ልክ ተካክሎ ባይጨምር እንኳ ጥቅሙ የሚታይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በከተማችን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለ ሆነ፥ ተርቦ የሌለው አውቶሞቢል ዳገት ሲወጣ እንደሚደክም ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ስሙን ያስጠራው የግፊት ጥቅም ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይታለላል። ነፋስ በአፍ ሲገባ የሚፈጥረው ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ያድጋል። ስለዚህ በዝግታ ጊዜ ከምንም አይቈጠርም። አውቶሞቢሉ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከነፋሱ የሚገኘው ግፊት፥ ምንም ሳይባክን ቢገባ እንኳ፥ ከተፈጥሮው የአየር ግፊት መቶኛ እጅ ግማሹን አይሞላም። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ከ1 በመቶ ጥቂት ያልፋል፤ በ200 ኪሎ ሜትርም 2 በመቶ አይደርስም። እንግዲህ ሕግ በሚፈቅደው ፍጥነት ለሚነዳ ሰው የዚህ ኮፈን እውነተኛ ጥቅም ከግፊቱ ይልቅ ከቅዝቃዜው ነው።

ከዚህም የተነሣ ጥቅሙ እንደ አውቶሞቢሉ ይለያያል። የድሮዎቹ አውቶሞቢሎች ማጣሪያቸው በሞተሩ ላይ ተቀምጦ የጋለውን አየር ይስብ ስለ ነበር፥ ለእነርሱ ይህ ኮፈን በእርግጥ ይረዳል። የኋለኞቹ ግን ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከፊት በኩል ወይም ከጭቃ መከላከያው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር እንዲስቡ ሆነው ስለ ተሠሩ፥ ኮፈን ቢለወጥላቸውም የሚጨመርላቸው ጥቂት ነው።

የአፉም ቦታ ታላቅ ነገር ነው። አየር በኮፈኑ ላይ ሲያልፍ ለላሜራው የቀረበው ንብርብር እየተጐተተ ይዘገያል፤ በኮፈኑም መካከል ግፊቱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በመካከል የተለጠፈ ዝቅተኛ አፍ ነፋስ የሚቀበል ቢመስልም አየር አይገባለትም፤ እንዲያውም ከውስጥ ወደ ውጭ ሊያወጣ ይችላል። ጥሩ የሚቀበለው ወይ በኮፈኑ ጫፍ ፊት ለፊት ያለ፥ ወይም ከዘገየው ንብርብር በላይ ከፍ ያለ አፍ ነው። በፊት መስተዋቱ ሥር ደግሞ ነፋሱ ከመስተዋቱ ጋር ተጋጭቶ ስለሚታመቅ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ «ሸቬል» አፉን ወደ ኋላ ያዞረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በገበያ ከሚሸጡት ኮፈኖች አንዳንዶቹ አፋቸው ድፍን ነው፤ ሌሎቹም አፋቸው ክፍት ሆኖ ከማጣሪያው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ይህን ያዩ ይመስላል። ጥምጣሙ ሳይማሩ እንደማያስከብር፥ አፉም ወደ ሞተሩ ካላደረሰ ኃይል አይሰጥም። ለውበቱ ብቻ የሚገዛ ሰው መብቱ ነው፤ ግን ውበት መግዛቱን ዐውቆ ይግዛ። የሚገዛው ሰው ኮፈኑን ገልብጦ ሥሩን ይመልከት፤ ከአፉ እስከ ማጣሪያው የሚደርስ መተላለፊያና ሞቃቱ አየር እንዳይቀላቀል ዙሪያውን የሚዘጋ ጎማ እንዳለው ይመርምር።

የሚሠሩበትም ነገር ልዩ ልዩ ነው። ፋይበር ግላስ ቀላልና ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሥራው የከፋ ከሆነ መልኩ ይሰነጠቃል፤ ከጎኖቹም ጋር ልክ አይገጥምም። ካርቦን ፋይበር ከዚያም ይቀላል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ላዩን የሚሸፍነው ቀለም ካልተጠበቀ ፀሐይ ያበላሸዋል። የብረት ላሜራው ይከብዳል፤ ሆኖም የለመደ ባትላሜራ ሊያቃናው ይችላል። ዋጋው እንደ ዐይነቱ ከብዙ መቶ ዶላር ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል፤ የቀለሙና የመግጠሚያው ዋጋም በላዩ ይጨመራል። ስለዚህ ቀለም ሳይቀባ በፊት አስቀድሞ በአውቶሞቢሉ ላይ አስቀምጦ መለካት ይገባል፤ ቀለም የነካውን ኮፈን መልሶ የሚቀበል ነጋዴ አይገኝምና።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ግን ከገንዘብ ይበልጣል። ኮፈን በአብዛኛው አውቶሞቢል ላይ ማጠፊያው በመስተዋቱ በኩል ነው፤ የሚከፈተው ከፊት ነው። ፊቱን የሚይዘው መቀርቀሪያ ቢለቅ፥ ነፋሱ ከሥር ገብቶ በቅጽበት ወደ ላይ ያነሣውና በመስተዋቱ ላይ ይከድነዋል። ሾፌሩ በአውራ ጎዳና ላይ በሙሉ ፍጥነት ሳለ ዐይኑ እንደ ታሰረ ሰው ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት የአውቶሞቢል ደኅንነት ደንብ ቍጥር 113፥ ከፊት ተከፍቶ የሾፌሩን እይታ ሊጋርድ የሚችል ኮፈን ሁሉ ሁለተኛ መያዣ እንዲኖረው ያዝዛል። የመጀመሪያው ቢከዳ ሁለተኛው ይይዛል ማለት ነው።

ከፋብሪካ ውጭ የተሠራ ኮፈን ሲገጠም ይህ ሁለተኛው መያዣ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል፤ ልክ አልገጥም ሲልም አንሥተው የሚጥሉት አሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ ሁለቱንም መያዣ በቦታቸው ይመልሳል፤ ኮፈኑ ከፋይበር ግላስ ከሆነም በፊቱ ግራና ቀኝ በቡሎን የታሰሩ ተጨማሪ መቈለፊያዎች ያክልበታል። እንደዚሁም ለከባድ ብረት የተሠራው የማጠፊያ ሞላ ቀላሉን ኮፈን ከመጠን በላይ እየገፋ ማጠፊያው ዘንድ ይሰነጥቀዋልና፥ ሞላው ለኮፈኑ ክብደት የሚስማማ መሆን አለበት። የፋብሪካው ኮፈን በግጭት ጊዜ በታሰበለት መስመር ታጥፎ ወደ መስተዋቱ እንዳይገባ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሌላው ግን ይህ ጥበብ ላይኖረው ይችላል።

ዝናብም አይዘንጋ። አየር የሚገባበት አፍ ውሃም ይገባበታል። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም፤ ስለዚህ ብዙ ውሃ ወደ ሲሊንደር ከገባ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። ጥሩ ኮፈን ውሃው ወደ ማጣሪያው ሳይደርስ የሚወርድበት መፍሰሻ አለው። ማጣሪያውንም አውልቆ የሚነዳ ሰው ለጥቂት ኃይል ብሎ አቧራ ለሞተሩ ያጐርሳል። ስለ ሕግም፥ በካሊፎርኒያ የአየር መግቢያውን የሚለውጥ ዕቃ በመንገድ ላይ ለሚሄድ አውቶሞቢል እንዲፈቀድ የዚያ አገር የአየር ጥበቃ ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቍጥር ሊኖረው ያስፈልጋል። ለኢንሹራንስ ሰጪውም ለውጡን አስቀድሞ መንገር ብልኅነት ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ አንድ ምሳሌ እናንሣ። በአሜሪካ የሚኖር የ19 ዓመት ወጣት አንድ ያረጀ ፋየርበርድ አለው እንበል። አንድ ዓመት ሙሉ ከደመወዙ እየቈጠበ ለዚህ ኮፈን የሚበቃ ገንዘብ አጠራቀመ። ለአባቱ በነገራቸው ጊዜ ነገሩን ሳይመረምሩ፥ ይህ ከንቱ ጌጥ ነው፥ በቤቴ አይታሰብም ብለው ቈረጡበት። ልጁም አልመለሰም፤ ዝም አለ። አንባቢ ሆይ፥ በቤት ውስጥ ከክርክር ይልቅ የሚያስፈራ እንዲህ ያለው ዝምታ ነው። ልጁ ከዚያ ወዲያ ኮፈኑን በስውር ገዝቶ፥ በሌሊት በጓደኛው ጋራዥ፥ የሚመክረውና የሚመረምርለት ሰው በሌለበት ይገጥመዋል፤ ሁለተኛውም መያዣ አልገጥም ቢለው፥ ነገ አስተካክለዋለሁ ብሎ ይተወዋል። ያ ነገ ሳይመጣ በአውራ ጎዳና ላይ የሚሆነውን ለመናገር አንፈልግም። አባትዬው የከለከሉት ኮፈኑን መስሏቸው ነበር፤ በእውነት የከለከሉት ግን ምክርን ነው።

ይኸው ቤት በሌላ መንገድ ቢሄድስ? እናቲቱ ስለ ፈረስ ጉልበት ምንም አያውቁም እንበል፤ ነገር ግን አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ነፋስ ቢያነሣው ምን ይይዘዋል? ይህች ጥያቄ ከክርክሩ ሁሉ ትበልጣለች። ልጁ መልስ ሊሰጥ ሲል ስለ መያዣው፥ ስለ ሞላውና ስለ ቡሎኑ መማር ግድ ይሆንበታል። አባትም ከልክለው ከመቀመጥ ይልቅ፥ በመጀመሪያ እንለካ ይላሉ። ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ በተሸጡት በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች፥ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት በጥቂት ዋጋ በሚገዛ መመርመሪያ ማንበብ ይቻላል። አባትና ልጅ አብረው ተቀምጠው አንድ ጊዜ በከተማ፥ አንድ ጊዜ በአውራ ጎዳና እየነዱ ቍጥሩን ይጻፉ። የሚገባው አየር ከውጭው አየር ብዙ የማይበልጥ ከሆነ፥ አዲሱ ኮፈን የሚጨምረው ኃይል ጥቂት መሆኑን ልጁ ያለ ቍጣና ያለ ተግሣጽ ራሱ ይረዳል። እጅግ የጋለ ከሆነ ደግሞ አባት የልጃቸው ሐሳብ ከንቱ አለመሆኑን ያውቃሉ። በሁለቱም መንገድ የሚፈርደው ቍጥሩ ነው፤ የተሸነፈም የለም።

ከዚያ በኋላ መግዛት ከተወሰነ፥ በቅደም ተከተል ይሁን። አስቀድሞ ፍሬኑና ጎማው ይታይ፤ የማይቆም አውቶሞቢል ኃይል ቢጨመርለት ጉዳቱ ይበዛልና። ቀጥሎ ኮፈኑ፥ ከኮፈኑም ጋር ሁለቱ መያዣዎች ይገጠሙ። በመጨረሻም አባትና ልጅ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ቆመው መቀርቀሪያውን በእጃቸው እየሳቡ ይፈትሹ፤ ይህንም ልማድ ያድርጉት።

ፍጥነቱን መሞከር የሚወድ ወጣትም ቦታው የሕዝብ መንገድ አይደለም። በአሜሪካ በ1951 የተቋቋመው ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ከዓላማዎቹ አንዱ ይህ ነበር፤ የወጣቶችን እሽቅድምድም ከጎዳና አንሥቶ ወደ ተዘጋጀ ሜዳ መውሰድ። በዚያ ሜዳ አውቶሞቢሉ ከመሮጡ በፊት ይመረመራል፤ ሰዓቱም በመሣሪያ ይለካል። ኮፈኑ የጨመረው ኃይል ካለ፥ በወሬ ሳይሆን በሴኮንድ ተቈጥሮ የሚታየው እዚያ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፥ ልጅ በፍጥነትና በውበት ቢማረክ የዕድሜው ጠባይ መሆኑን ነው። ወላጅም ቢፈራ ስለ ፍቅር ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ግን አንዱ በሌላው ላይ በመጮኹ ሳይሆን፥ ኮፈኑን ከፍተው አብረው ወደ ሞተሩ በማጐንበሳቸው ነው። ሞተር አየር ሲያገኝ እንደሚበረታ፥ ቤትም ነገር በግልጽ የሚነገርበት ሲሆን ይበረታል።